ማለፊያ ወይስ ቃርያ

«ሰደበችኝ እኮ ነው የምልሽ! እናቴ እንኳን እንዲህ ብላኝ አታውቅም!» አለ ጉሌድ።

«ምን አለችህ?»

«‹ይሄን ያሰብከው በጭንቅላትህ ነው በተረከዝህ?› አለችኝ። ጅብሪልም ሰምቷል። ጅብሪል፣ አልሰማህም?»

ሰምቻለሁ። ግን ሳቄን ለማፈን ሳንቡሳ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ስለነበር መመስከር አልቻልኩም።

«ታዲያ ያሰብከው ልክ አልነበረማ» አለች ዩስራ።

«ልክ አለመሆኑ ሌላ ነገር ነው! ሰው በደንቡ ይነገረዋል!»

«ጨዋ ፈልገህ ነው አቦ?» አለች ቃርያ ከበሩ በኩል። «ጨዋው እዚያ መስኮቱ ጋ ተሰቅሎልሃል። ሂድና ተቃቀፉ።»

ከመስኮቱ በኩል ማለፊያ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ የለውም፤ ግን ይጠርጋል። «በመሃል መግባቴ እንዳያስቀይም እንጂ፣ የኢንጂነር ጉሌድ ሥራ እጅግ ድንቅ ነው» አለ።

«አየሽ?» አለ ጉሌድ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። አርባ አመቱ ነው።

በድሬዳዋ ባጃጆች ፕሮግራም ክፍል ውስጥ ከሰኞ ጀምሮ የነበረው ሁኔታ ይሄ ነው። እኛ ሦስት ሰዎች ነን። ዩስራ አለቃችን ናት። ጉሌድ ሲማር ሲማር ፀጉሩን የጨረሰ ኢንጂነር ነው። እኔ ደግሞ ነጋሪ ነኝ። ሥራችን ሹፌር የሌላቸው ባጃጆች መቼ እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚቆሙ፣ ለመንገደኛ ምን እንደሚሉ መወሰን ነው። የሹፌሩ ወንበር አሁንም ባጃጁ ላይ አለ፤ ማንም ግን አይቀመጥበትም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፣ እኔም አልቀመጥበትም።

ፕሮግራም የሚሠራው በመሥሪያ ነው። ድሮ ሰው መሥሪያው ላይ በጣቱ ይጽፍ ነበር ይባላል። አሁንም ለገሃር ጥላ ስር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ለጨዋታ ያህል ጣታቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲቀጠቅጡ ይውላሉ፣ ከዚያ ተሳስቀው ይበተናሉ። ዛሬ መሥሪያህን ታናግረዋለህ፣ እሱ ይሠራል። ከተማው በሙሉ እንደዛ ነው። እናቴ ከምድጃዋ ጋር ታወራለች። ትንሽ ዝም ካልኩ የቤታችን በር «አሞሃል እንዴ?» ይለኛል፤ ሁለተኛ ካልመለስኩለት ለጎረቤት በር ይነግራል።

ነጋሪ ማለት ታዲያ ቀኑን ሙሉ ከመሥሪያው ጋር የሚያወራ ሰው ነው። የተማሩት እንደ መጽሐፍ ስለሚያወሩ መሥሪያው የሰፈሩን ነገር ከእነሱ አይማርም። «መንገደኛው እጁን እንዲህ ካደረገ ቁም ማለት ነው፣ እንዲህ ካደረገ ግን ዝንብ እያባረረ ነው» ብሎ የሚነግረው ያስፈልጋል። እኔና ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፤ በስምምነት። አፍ ግን አለኝ። ከዚህ በፊት አጎቴ ጋ ባጃጅ አጥብ ነበር፤ ባጃጅ እስካሁን ራሱን ማጠብ አልቻለም። ወደዚያ መመለስ አልፈልግም። ክረምት ከበጋ ጭቃ ነው፣ አጎቴ ደግሞ ከባጃጁ እኩል ያጥበኛል።

አሮጌው መሥሪያችን ዛሬ ነው የሚጠፋው። ባለቤቶቹ ሰለቸን አሉ። በቦታው ከሁለቱ አዳዲስ መሥሪያዎች፣ ከቃርያና ከማለፊያ፣ አንዱን እንድንመርጥ ነው ሳምንቱን ሙሉ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ የተሰቀሉብን። ቀይ ባጃጆቹን ቃርያ፣ ሰማያዊዎቹን ማለፊያ ይነዳሉ። ዛሬ ከተማው ለምሳ ከመዘጋቱ በፊት ዩስራ አንዱን ስም መናገር አለባት።

ቃርያን ይሄ ከተማ ነው ያሳደጋት። የመጋላ ገበያን ድምፅ እያሰሙ ነው ያስተማሯት፤ እንደ ድሬ ልጅ ሁሉንም አንተ ትላለች፣ ከተሳሳትክ ፊት ለፊት ትነግርሃለች፣ ከወደደችህ ትሰድብሃለች። ሰኞ ጠዋት «ጅቤ፣ ጫማህን አይቼው ቤቴ ስደርስ እግሬን ልታጠብ አሰብኩ» ስትለኝ ወደድኳት። ቤትም እግርም የላትም። እኔም አልተኛሁላትም፣ ቀኑን ሙሉ ስንሰዳደብ ዋልን። እንደዚያ ያለ ጓደኛ አልነበረኝም።

ማክሰኞ ነው ዩስራ ወደ ደረጃው ጠርታ የነገረችኝ። «ጅብሪል፣ ድንገት እንዳይሆንብህ ብዬ ነው። ቃርያ ከተመረጠች ነጋሪ አያስፈልገንም። ከተማውን ካንተ በላይ ታውቀዋለች።»

«ማለፊያ ከተመረጠስ?»

«ማለፊያማ ‹አቦ› ሲሉት የሰው ስም ይመስለዋል። ለእሱ አንተ ትኖራለህ።»

ይኸውልህ እንግዲህ። የምወዳት እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ነው፣ እንጀራዬን የሚያቆይልኝ ደግሞ ያንገሸግሸኛል። ማለፊያ ከየት ከተማ እንደመጣ አላውቅም፤ ብቻ የሆነ ትልልቅ ሳሎን ያለበት ቤት ያደገ ይመስላል። እኔን «እርስዎ» ይለኛል። አጎቴ «አንተ ነገር» የሚለኝን ሰውዬ! ስታዘው «ደስ እያለኝ» ይላል። «ስህተት አለ ወይ?» ስትለው «ኸረ ምን ስህተት አለው» ይላል።

ስለዚህ ቃርያ እንድትሸነፍ ትንሽ ረዳኋት። ዛሬ ጠዋት ጉሌድ ከመግባቱ በፊት በሩ ጋ ሄጄ «ቃርዬ፣ ዛሬ ጉሌድን ነካ አድርጊውማ፣ ይወዳል» አልኳት። እሷ ለዚህ ልመና አትፈልግም። የተረከዙ ነገር ከዚያ ነው የመጣው። ማለፊያ መስኮቱ ጋ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል፣ ግን ትንፍሽ አላለም። ጨዋ ነው ብያችኋለሁ።

«እኔ ማለፊያን ነው የምለው» አለ ጉሌድ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። «ሰው በሥራ ቦታው መከበር አለበት።»

«ቃርያ ግን ስህተት ታገኛለች» አለች ዩስራ።

«የትራንስፖርት ኃላፊውን ረሳሽው?»

የረቡዕ ነገር ነው። ኃላፊው ሊሞክር ብሎ ቀይ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ «ሁለት መቶ ሜትር ለመሄድ ነው የጠራኸኝ? ውረድና ሂድበት፣ ሆድህ ይጠፋልሃል» ብላ በሩን ከፈተችለት። ሰውዬው ወርዶ በእግሩ ሄደ። እስካሁን በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ፊቱ እንኳን ጠራ ብሏል፣ ግን አኩርፏል።

ዩስራ ጭንቅላቷን ያዘች። «ጅብሪል፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ?» አልኩ፣ ሳንቡሳዬን ውጬ። «እኔ ለሥራው ብዬ ነው እንጂ ለራሴ አይደለም። ማለፊያ።»

«ኧኽ!» አለች ቃርያ። «አፈር ብላ ጅቤ! ዓይኔን እያየህ!»

ዓይን የላትም። ግን አፈርኩ።

ያኔ ነው የክፍሉ ጣሪያ «ደቻቱ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቷል» ያለው። «በሰማያዊ ባጃጆች» ብሎ ጨመረ።

ዩስራ ማለፊያን ቀና ብላ አየችው። «ችግር አለ እንዴ?»

«ኸረ ምንም አይደል፣ አይጨነቁ» አለ ማለፊያ።

ሦስታችንም ወደ ድልድዩ ሮጥን። ሩቅ አይደለም፣ ግን ፀሐዩ ጉሌድን እንደ ቅቤ አቀለጠው።

ድልድዩ ግማሹ እየተጠገነ ስለሆነ ባንድ ጊዜ የሚያሳልፈው አንድ ባጃጅ ነው። ከከዚራ በኩል የመጡ ሰማያዊ ባጃጆች በዚህ ጫፍ ተሰልፈዋል፤ ከመጋላ የመጡት ደግሞ በዚያ ጫፍ። ማንም አልተጋጨ። ማንም አልተበላሸም። ሁሉም ቆመው እየተነጋገሩ ነው።

«ይለፉ እንጂ» ይላል የዚህኛው ጫፍ መጀመሪያ ባጃጅ።

«ኸረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል የዚያኛው።

«ከርስዎ በፊት እንዴት ተደርጎ?»

«ኸረ ነውር ነው፣ እባክዎን ይለፉ።»

ድምፁ አንድ ነው፤ ሁለቱም ማለፊያ ናቸው። ሰውዬው ከራሱ ጋር በር ላይ ቆሞ «ግባ፣ አንተ ግባ» እየተባባለ ነው። ከኋላ ያሉት ባጃጆች ደግሞ በየተራቸው «ልክ ናቸው፣ እሳቸው ይቅደሙ» እያሉ ያደንቃሉ።

ቀዮቹን ብታዩ! የደቻቱ ወንዝ ውሃ ስለሌለው ቃርያ ባጃጆቿን ቁልቁል ወደ አሸዋው ነድታ በታች እያሻገረቻቸው ነው። «ዞር በሉ እናንተ ጨዋዎች! አቦ አቧራችንን ቅመሱ!» ትላለች። መንገደኞቹ ብረት ጨብጠው ይጮሃሉ፣ አንዲት ሴትዮ ሐብሐቧ አምልጧት አሸዋው ላይ ተንከባሎ ለሁለት ተከፈለ። «ተከፈለልሽ እኮ፣ ቢላ አተረፍሽ!» አለቻት ቃርያ። ሴትዮዋ እየተሳደበች ትስቃለች።

ዩስራ ቀዮቹን አየች። ፊቷ ላይ ውሳኔው ሲበስል ታየኝ። አጎቴ ባልዲ ይዞ ዓይኔ ላይ መጣ።

ፊት ያለው ሰማያዊ ባጃጅ ውስጥ ሀጂ ሙሜ ተቀምጠዋል። ነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ባርኔጣቸውን እያራገቡ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ሰርግ ነው የምሄደው። እንዲህ ከሆነ ግን የሙሽሮቹን ልጅ ነው የምድረው።»

«ማለፊያ፣ እለፍ!» አለች ዩስራ ለባጃጁ።

«ደስ ባለኝ፣ ግን እሳቸው ይቅደሙ።»

«ትእዛዝ ነው፣ እለፍ!» አለ ጉሌድ።

«ኸረ አይገባም ኢንጂነር።»

እዚህ ላይ ስለ ሳንቡሳው ልንገራችሁ። ከሰኞ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ማለፊያ ጋ እሄድና ሳንቡሳ ወደ ድምፅ ማውጫው አስጠግቼ «እንካ ብላ» እለዋለሁ። «ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» ይላል። «ትንሽ ቅመስ» እለዋለሁ። «ኸረ ጠግቤያለሁ» ይላል። «በሞቴ!» ስለው «እንግዲህ በሞቴ ካሉ ትንሽ» ይላል። እኔ ሳንቡሳውን ራሴ እበላና «እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ግሩም ነው፣ እጅዎ ይባረክ።» ጉሌድ እንኳን በዚህ ይስቃል። በየቀኑ አድርጌዋለሁ። አይሰለችም።

ድልድዩ ላይ ይሄ ትዝ አለኝ። ስለማውቅ አይደለም፣ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው። ባጃጁ ላይ ተደግፌ «እለፍ እንጂ» አልኩት።

«ይቅርብኝ።»

«ኸረ እለፍ ስልህ።»

«እንዴት አድርጌ፣ አያምርብኝም።»

«በሞቴ! ጅብሪል ይሙት! ካላለፍክ ተጣላን!»

«እንግዲህ በሞቴ ካሉማ» አለና ሀጂ ሙሜን ይዞ ውልቅ! ከኋላው ያሉትም ተከተሉት። ከዚያኛው ጫፍ ያሉት ደግሞ «ደግ አደረጉ፣ ደግ አደረጉ» እያሉ አሳለፏቸው። ሀጂ ባርኔጣቸውን በመስኮት እያውለበለቡ ወደ ሰርጋቸው ነጎዱ።

ዩስራ አፏን ከፍታ አየችኝ። «ምን አደረግከው?»

«ለመንኩት።»

«እኛስ አልለመንነውም?»

ባጃጁ ራሱ መለሰ፤ ተራው ደርሶ የሚያልፍ ሌላ ሰማያዊ። «አንዴ ሲሉኝ ለአፍ ያህል ነው ብዬ ነው። ሁለቴም ሲሉኝ ሊሆን ይችላል ብዬ። ሦስቴ ከሆነ፣ በሞቴም ከታከለበት፣ እውነትም እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። ሰው ቤት ሲያጎርሱኝ ዝም ብዬ አፌን ልክፈት እንዴ?»

ወደ ቢሮ ስንመለስ ዩስራ አልተቀመጠችም። ቀጥ ብላ መስኮቱ ጋ ሄደች። «ማለፊያ፣ ሰኞ ዕለት ጉልበት ይጨመርልህ ወይ ስንልህ በቃኝ ብለሃል። በቅቶሃል?»

«ኸረ በቅቶኛል።»

«እውነት በቅቶሃል?»

«ተመስገን ነው።»

«በሞቴ፣ በቅቶሃል?»

ማለፊያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ በሞቴ ካሉ፣ ከሰኞ ጀምሮ በአንድ እግሬ ነው የቆምኩት።»

ጉሌድ ደነገጠ። ሮጦ የነበረንን ጉልበት ሁሉ ከፈተለት። የክፍሉ መብራት ራሱ ደብዘዝ አለ። ማለፊያ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠባብ ጫማ አድርጎ አሁን ያወለቀ ሰው ይመስል።

«የእኔስ ሥራ?» አለ ጉሌድ ቀስ ብሎ። «ስህተት አለበት?»

«ድንቅ ነው።»

«ምንም የለበትም?»

«ለክፉ የሚሰጥ አይደለም።»

ጉሌድ ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅሁለት። «በሞቴ» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ማለፊያ ነገረው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለስለስ አድርጎ፣ የት የት እንደተሳሳተ አንድ በአንድ። ቃርያ በአንድ ስድብ ጠቅልላ የተናገረችውን እሱ እንደ ሐኪም እየዳሰሰ አሳየው። ጉሌድ አላለቀሰም። «እኔ ራሴ ነኝ ጨቅጭቄ የጠየቅኩት» አለ። «ይሄ ልክ ነው። እንዲህ ነው ሰው የሚነገረው።»

«በቃ» አለች ዩስራ። «ቃርያ ታገኛለች፣ ግን ሰውን ታባርራለች። ይሄ ያገኛል፣ ይደብቃል። የሚጎትትለት ሰው ካለ ግን አይደብቅም። ጅብሪል፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራህ መጨቅጨቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ሦስት ሦስቴ ትጠይቀዋለህ።»

«እኔ? መጨቅጨቅ?» ወንበር ላይ ወጣሁ። ጨፈርኩ። እድሜ ልኬን ሲቆጡኝ የኖሩበት ነገር ሥራ ሆነ! አጎቴም ባልዲውም ከዓይኔ ጠፉ። «ቃርዬ፣ ሰማሽ? ቻው እህቴ! እወድሻለሁ!»

«ሦስቴ እየለመናችሁ ኑሩ» አለች ቃርያ። «እኔ ደርሼ ስመለስ እናንተ ‹እንደምን አደርክ› አትጨርሱም።»

የቀረው ፈቃዱ ብቻ ነው። ያለፈቃዱ የሚሠራ የለም የሚል ሕግ አለ፤ መሥሪያም ቢሆን ይጠየቃል። ማንም ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሰርግ ላይ ሙሽራዋን «ፈቅደሻል?» እንደማለት ነው፤ በሬው ከታረደ በኋላ። ጣሪያው ምስክር ሆኖ ይሰማል፣ «እሺ» ሲባል ያልቃል።

«እምቢ ቢልስ?» አለ ጉሌድ፣ እንዲያው ለወጉ።

«እምቢ ካለ ቃርያ ነች፣ ሌላ የለንም» አለች ዩስራና ሰዓቷን አየች። ውጭ ሱቆቹ ለምሳ መዝጋት ጀምረዋል። «ማለፊያ፣ ከእኛ ጋር ለመሥራት ፈቅደሃል?»

«እንደ ፈቃዳችሁ» አለ ማለፊያ።

ጣሪያው ሊመዘግብ ሲል እኔ እጄን አነሳሁ። አሁን ባለሙያ ነኛ!

«ቆይ ቆይ ቆይ!» አልኩ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚጠየቀው? ከድልድዩ ምን ተማርን? ዩስራ፣ ዞር በይ፣ ሥራዬን ልሥራ።» ሸሚዜን አስተካከልኩ። የተረፈችኝን አንድ ሳንቡሳ በእጄ እንደያዝኩ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። «ማለፍዬ፣ ከእኛ ጋር ልትሠራ ደስ ብሎሃል?»

«ምን ቸገረኝ።»

«አያችሁ? ይሄ ሁለተኛው ነው፣ አትመኑት» አልኳቸው ዞሬ፣ አንድ ዓይኔን ጠቅሼ። ቃርያ በበሩ በኩል «ጅቤ፣ ተው» አለችኝ። በሕይወቷ ሳትሰድበኝ ያወራችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልሰማኋትም። ሳንቡሳዋን ወደ ድምፅ ማውጫው አስጠጋሁ።

«በሞቴ! ጅብሪል ይሙት! የልብህን ተናገር!»

ማለፊያ በዚህ ጊዜ ጉሮሮውን አልጠረገም።

«አልፈልግም» አለ። «በተለይ አንተን። ሳንቡሳም አልወድም።»